የመቅደሱ ድንጋይ አቧራ

በሰቆጣ ዳርቻ፣ ባጃጅ ከዚህ ወዲያ አልወጣም ብሎ ተሳፋሪውን በሚያወርድበት አቀበት ግርጌ፣ ማእዘኗ በገመድ የተለካ አንዲት የድንጋይ ቤት አለች። መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ ይህቺን ማን ሠራት ሳይል አያልፍም። የሠራት ባለቤቷ ነው፤ ድንጋይ ጠራቢው አስማረ። ቤቲቱ ድሮ ሳቅ የማይጠፋባት ነበረች። ይህ ታሪክ በሚጀምርበት በጥር ወር ግን ከውስጧ የሚሰማው ሳል ብቻ ነበር። አስማረ ሲናገር ይስላል፣ ዝም ሲልም ይስላል። ሠላሳ ዓመት መዶሻ ሲያነሳ የኖረ ክንድ አንዲት ጣሳ ውሃ ማንሳት አቅቶት ሲንቀጠቀጥ ማየት እንዴት ያለ መከራ ነው? አየር ፍለጋ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ የሚውል አባወራ... ያየ ያውቀዋል፤ ያላየም አይየው።

ሕመሙ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቤቱ በተሸከመው። ያደቀቀው ሐሜቱ ነው። አስማረ የሚሠራው አንድ ደብር ለሚያስገነባው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የደብሩን ስም አላነሳም፤ ምእመናኑ መማር ያለባቸውን ተምረዋልና ዳግመኛ ማሳፈር ደግ አይደለም። እዚያ የመቅደስ ድንጋይ እንደ ማንኛውም ድንጋይ አይጠረብም። ጠራቢው ጾሞ ይገባል፤ በሥራው ሰሞን ከሚስቱ ይርቃል፤ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ድንጋዩ የአላፊ አግዳሚ ዓይን እንዳያርፍበት ዳሱ በአራቱም ማእዘን በቆርቆሮ ተዘግቷል፤ ሴትም አትገባበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠራቢው አፍና አፍንጫውን አይሸፍንም። አፍንጫ የሚያዘው ጥንብ ፊት ነው፤ በእግዚአብሔር ቤት ድንጋይ ፊት አፍንጫ መሸፈን ንቀት ነው ይሉ ነበር።

በመሮና በመዶሻ ዘመን ይህ ልማድ ብዙ ሰው አልጎዳም። ከሰባት ዓመት በፊት ግን ጄነሬተርና በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቁረጫ መጣ። የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን የሚጨርስ ማሽን ሲገኝ የማይደሰት ማን ነው? ማሽኑ ታዲያ ያንን ነጭ አሸዋማ ድንጋይ ወደ ዱቄት ይቀይረው ነበር። በተዘጋው ዳስ ውስጥ ጠራቢዎቹ እርስ በርስ እስከማይተያዩ ድረስ አቧራ ይሞላል፤ ማንም አልፈራውም። እንዲያውም የመቅደሱ ድንጋይ አቧራ በረከት ነው ብለው፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደሚወሰደው እምነት፣ እንደ ተባረከው አመድ፣ በጨርቅ እየቋጠሩ ለቤተሰባቸው ይወስዱት ጀመር።

መጀመሪያ ምሳው የሚባለው ጠራቢ ስሎ ስሎ ሞተ። በዓመቱ የሻምበል የሚባል ሌላ ጠራቢ ተከተለው። ሁለቱም ሃምሳ አልሞላቸውም። ያን ጊዜ ሰው አፉን ከፈተ። ሳይነጹ፣ በዝሙት እንዳደፉ የመቅደሱን ድንጋይ ነክተው ተቀሠፉ ተባለ። የምሳው ባለቤት ትርፌ የምትጠጣው የጽዋ ማኅበር ተራዋ ሲደርስ ዘለላት፤ ጽዋውም ከቤቷ ደጅ እንደ ራቀ ቀረ። ቀጥሎ አስማረ መሳል ሲጀምር ሁሉም ዓይን ወደ እሱ ዞረ። አክታው ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ቲቢ የለብህም ሲባልማ፣ በሽታው የሐኪም እንዳልሆነ ይኸው ተረጋገጠ አሉ።

የሚያሳዝነው፣ ወሬው የገዛ ቤቱን ጣራ ማለፉ ነው። ሚስቱ እታገኝ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራለች። ሁለት ልጅ ወልደው አሳድገዋል፤ ሦስት ቀብረዋል። አንድ ቀን ግን ደረቱን እያሸችው ሳለ እጇን አቆመች።

«አስማረ፣ ሳትነጻ ነው እንዴ የገባኸው? ሌላ ሴት አለችህ?»

አስማረ ብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሟን አልጠራም። እሷም ዝምታውን እንደ ኑዛዜ ቆጠረችው። አልተወችውም እንጂ! በደለኝ ብላ እያመነች፣ በየጠዋቱ ከማሰሮ ያንን ነጭ አቧራ እየዘገነች ደረቱን ትቀባዋለች፤ ትራሱ ላይ ትበትንለታለች። ልቧ እየደማ ማስታመሟን ያየ ምን ይላል? ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ስር፣ አንዱ በሳል ሌላዋ በእንባ ኖሩ።

አስማረ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር። የመቅደሱ በር መቃን ከእኔ ቤት እጅ ይወጣል ብሎ ተስሏል። እሱ ሲወድቅ የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጁ ደግሰው መቁረጫውን አንስቶ ወደ ዳሱ ገባ። ታቦቱ የሚገባው በግንቦት ነው፤ እስከዚያ መቃኑን ማድረስ አለበት።

በዚህ መካከል ሰርካለም በወልድያ በኩል በአውቶቡስ መጣች። የአስማረ የበኩር ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ተቀምጣ ፋብሪካ ለፋብሪካ የምትዞር የኢንዱስትሪ ሃይጂን ባለሙያ። እናቷ ለጎረቤት ሥራዋን ስታስረዳ ፋብሪካ ታስጠርጋለች ትል ነበር፤ ሰርካለምም ለማረም ከሞከረች ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሐኪም የታመመውን ሰው ይመረምራል፤ እሷ ሰውየው የሚሠራበትን አየር፣ ጩኸት፣ ሙቀት ትመረምራለች። ማንም ሳይታመም በፊት አደጋውን ለክታ፣ ከምንጩ የምታስቆም ናት። የሙያ ማረጋገጫውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው አልፋለች። ምስክር ወረቀቱን ያገኘች ቀን ለአባቷ ስልክ ደውላ ስትነግረው፣ እሱ እየሳለ ደስታውን መጨረስ አቅቶት ስልኩን ዘጋው። ጉንፋን ነው ብሏት ነበር።

ቤት የገባችው ረፋድ ላይ ነው። እናቷ አልጋው ራስጌ ቆማ አቧራውን ትበትናለች። ከመስኮቱ በሚገባው ፀሐይ ውስጥ ብናኙ ሲንሳፈፍ፣ አባቷ ወደ ውስጥ ሲስበው፣ ከዚያም ሳሉ ሲያጣጥፈው ሰርካለም በሩ ላይ ቆማ አየች። ስንት ፋብሪካ ገብታ ስንት ባለ ሀብት ያስደነገጠች ሴት፣ እዚያ አፏ ተሳሰረ። እናቷን ምን ትበላት? በገዛ እጅሽ እየጨመርሽለት ነው ትበላት? እንደ ምንም ሳመቻቸው፤ መስኮቱን ከፈተች፤ ትራሱን አውጥታ አራገፈችው። ከዚያም አጠገቡ ተቀምጣ እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀችው።

«አባ፣ ምን ሲሠሩ ነው የታመሙት? ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ።»

አስማረ ነገራት። አማርኛው ሲደክመው በአገሩ የአገው ቋንቋ በኽምጣና እየቀጠለ፣ ስለ ዳሱ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ምሳውና ስለ የሻምበል ነገራት። ዓመት ሙሉ የተዘጋ አንደበት ከረፋድ እስከ ቀትር ሲፈስ፣ እታገኝ ጓዳ ሆና ሰማችው። ስለ ሌላ ሴት አንድም ቃል አልነበረም። አመነችው? ማመን ፈራች።

በማግስቱ ሰርካለም አባቷን ደረቱን ራጅ አስነሳችውና ፎቶውን አንድ የምታውቀው የሳንባ ሐኪም ዘንድ ላከች። መልሱ በዚያው ቀን መጣ። ሳንባው በድንጋይ አቧራ ጠጥሯል፤ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። መንገድ ዳር ካለ አንድ ግንብ ጥግ ተቀምጣ አለቀሰች። እንባዋን ስትጠርግ ግን አባቷን ማዳን እንዳልቻለች፣ ደግሰውን ግን ማዳን እንዳለባት ታውቅ ነበር።

የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ቄስ ኪዳኑ ናቸው፤ ቁጡ ግን ቅን ሽማግሌ። ሰርካለም ዳሱን ላየው አለች። ሴት አትገባም አሏት። እንግዲያው ወንድሜ ይግባልኝ ብላ፣ ከሻንጣዋ ትንሽ ፓምፕ አውጥታ በደግሰው ቀበቶ ላይ አሰረች፤ ቀጭን ቱቦውን በትከሻው አሳልፋ ማጣሪያውን ከአንገቱ ስር፣ ከአፍንጫው አቅራቢያ ሰካችው። ማሽኗ አንተ የምትተነፍሰውን አየር ስባ አቧራውን ታስቀምጥልኛለች አለችው። ደግሰው ወገቤ ላይ ሬዲዮ አሰረችልኝ፤ ዘፈን ግን የለውም እያለ ቀለደባት። እሷ ከዳሱ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ሰዓቷን እያየች ሙሉውን የሥራ ቀን ጠበቀች። ሁለት ቀን እንዲህ አደረገች። አንዱን ማጣሪያ አዲስ አበባ ወዳለ ላቦራቶሪ ላከች፤ ሁለተኛውን በትንሽ ሳጥን አስቀመጠችው።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። በዳሱ አየር ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባለው የድንጋይ ብናኝ ሰው ሊተነፍሰው ከሚፈቀደው በአሥራ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ሰርካለም ወረቀቱን ይዛ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ወንድሟ ነበር። ከነገ ጀምረህ አትገባም አለችው። ደግሰው ቀልዱ ጠፋ።

«እቴ፣ አባን ከነስለቱ ልትቀብሪው ነው? መቃኑ ሩቡ ነው የቀረኝ።»

«አንተንስ ማን ይቅበርህ?»

አባቱም ልጁ ይጨርስ ብሎ ለመነ። እኔ እንደሆን አልቄያለሁ፤ ስለቴን አታስቀሩብኝ አለ። ሁለቱ በአንድ ወገን፣ እሷ ብቻዋን በሌላ ወገን ሆነች። ደግሰው በነጋታው ወደ ዳሱ ተመልሶ ገባ፤ ከዚያም ማታ ማታ እራቱን በልቶ ፊቷን ሳያይ ይተኛል። ለአባቷ ፍቅር ስትል ወንድሟን ትተው? ለወንድሟ ስትል የሚሞት አባቷን ተስፋ ትንጠቅ? ሙያዋ እንዲህ ያለ ፈተና አልፈተናትም ነበር። ደግነቱ ሥራዋን ታውቃለች። ሥራው ይቁም ማለት የሙያው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው እንዳልሆነ ታውቃለች። ድንጋዩ መጠረቡ አይቀርም፤ አቧራው ግን ሊቀር ይችላል። ይህንን ይዛ ቄስ ኪዳኑ ዘንድ ሄደች፤ ጉባኤ ይጥሩልኝ ስትል ለመነቻቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በደብሩ ጥላ ስር ተሰበሰበ። ሰርካለም ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። ሳጥኗን ከፈተችና ሁለት ማጣሪያ አወጣች። አንደኛው እንደ መጣ ያለ፣ ንጹሕ ነጭ ነው። ሁለተኛው አቧራ የለበሰ፣ ከላዩ ብናኝ የሚረግፍ ነበር። ይህ አለች፣ በአንድ ቀን ብቻ ከወንድሜ አፍንጫ ስር የተያዘ ነው። ደግሰው ከጠራቢዎቹ መካከል ቆሞ ነበር፤ ማጣሪያውን አሻግሮ አየው፤ እጁ ሳያስበው ወደ ደረቱ ሄደ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ምሳውንና የሻምበልን ኃጢአት አልገደላቸውም። አባቴንም የያዘው ቅሠፍት አይደለም። የገባው ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ያልነጻው አየሩ ነው። ለክቼዋለሁ።»

ከሴቶቹ ወገን ትርፌ ተነሳች። ሦስት ዓመት በሰው መካከል ቀና ብላ ያልቆመች ሴት ናት።

«ባሌ ንጹሕ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ፣ እትዬ ትርፌ። ንጹሕ ነበር።»

ትርፌ ቁጭ አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይርገበገብ ጀመር። ሲያንሾካሹኩባት የኖሩት ሁሉ የት እንደሚያዩ ጠፋቸው።

አንድ ሽማግሌ ግን ተነሱና መልካም ነው፤ ግን አፍንጫ መሸፈን፣ ዳስ መክፈት፣ ይህ ለመቅደስ ድንጋይ ክብር ነው ወይ ብለው ጠየቁ። መልሱን ቄስ ኪዳኑ ሰጡ። ራሳቸውም ይህን ልማድ ሲያስጠብቁ የኖሩ ናቸው።

«ሥጋ ወደሙ ተቀብለን ስንወጣ አፋችንን በነጠላ እንይዛለን። ንቀን ነው? አክብረን ነው እንጂ። እምነትም ከመቅደስ ይወጣል እንጂ ከመቁረጫ ማሽን አይወጣም። ያላስተዋልነው እኛ ነን። ልጆቻችንን በገዛ እጃችን ነው ያስፈጀናቸው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።»

ይህ ሲነገር እታገኝ ከመካከል ተነስታ ወጣች። ሰርካለም ከኋላዋ እየሮጠች ተከተለቻት። እቤት ስትደርስ እናቷን ማሰሮውን ይዛ አልጋው ፊት ተንበርክካ አገኘቻት።

«ሰርኬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔም በእጄ እየጨመርኩለት ነበር?»

ልጅቱ መዋሸት ትችል ነበር። ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን በመለኪያ የምትኖር ሰው ናት። እናቷን አቅፋ፣ አባ የተጎዱት ዳሱ ውስጥ ነው እማ፤ የማሰሮው ትንሽ ነው፤ አልጠቀመም ግን አለቻት። እታገኝ ጮኻ አላለቀሰችም። ግንባሯን የባሏ እግር ላይ አድርጋ፣ ይቅር በለኝ፣ ጠረጠርኩህ፣ አቃጠልኩህ... ይህንኑ ደጋገመች። አስማረ በብዙ ጥረት ተነስቶ ተቀመጠ። የመዶሻ ጠባሳ ያለበትን እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ።

«እታገኝ» አላት። ከዓመት በላይ ቆይቶ ስሟን ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። «የበተንሽው ለእኔ ብለሽ ነው። በይ ተነሽ፣ ውሃ ስጪኝ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን የሰርካለምን ሥራ ቢያዩት ልብ ይሞላል። መጀመሪያ ውሃ አለች፤ አቧራው ከድንጋዩ ሳይነሳ በውሃ ይያዛል። ኤሌክትሪክና ውሃ እንዳይገናኙ ለዚሁ የተሠራ መቁረጫ ከወልድያ አስመጣች። ቀጥሎ ንፋስ አለች፤ ንፋሱ በሚገባበትና በሚወጣበት በኩል ቆርቆሮው ወረደ፤ ዓይን እንዳያርፍበት ከፊት ለፊት ራቅ ብሎ አጥር ቆመ። አፍና አፍንጫ መሸፈኛው በመጨረሻ መጣ፤ እሱንም ለእያንዳንዱ ጠራቢ ፊቱን እየለካች ሰጠች። ልብስም እቤት አራግፎ መግባት ቀረ፤ እዚያው ታጥቦ ይሰቀላል።

ግን ውሃ ከየት ይመጣል? የዋግን ሰው ውሃ አፍስስ ማለት ቀልድ ነው እንዴ? በዚያ በበጋ ለመጠጥ የሚሰለፈው ጄሪካን ቦኖው ዘንድ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይደረደር ነበር። ሠራተኞቹ ተስፋ ቆርጠው ቆመው ሳለ እታገኝ በአቀበቱ ታየች። ቢጫ ጄሪካን በጀርባዋ አዝላለች። ዳሱ በር ላይ አወረደችውና ለደግሰው ሰጠችው። በአቧራው ፈንታ ለአባትህ ማምጣት የነበረብኝ ይህንን ነበር አለችው። በማግስቱ ትርፌ በአህያ ሁለት ጄሪካን ጭና መጣች። በሦስተኛው ቀን የደብሩ ሴቶች ተራ አወጡ፤ እየሳቁ፣ እየተሽቀዳደሙ በየጠዋቱ በርሜሉን ይሞሉት ጀመር። ሰርካለምም ከድንጋዩ የሚወርደው ውሃ ተጠራቅሞ ጭቃው ሲዘቅጥ ተመልሶ እንዲሠራበት ጉድጓድ አስቆፈረች፤ አንዲት ጠብታ አልባከነችም።

ደግሰው እንደገና ፓምፑን አሰረ፤ ዛሬስ ዘፈን አላት እንዴ ብሎ ቀለደ። ሁለተኛው ውጤት ሲመጣ አየሩ ከሚፈቀደው በታች ነበር። ደረቱንም ራጅ ተነሳ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ ብርሃን አንስቶ ንጹሕ ነው ሲል፣ ያ ጎረምሳ እህቱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም ሳትሰማ ይቅር ብላው ነበር።

መቃኑ በሚያልቅበት ቀን ጠራቢዎቹ አስማረን በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። አጥሩ ጥግ ጋቢ አንጥፈው ደገፉት። ደግሰው መቁረጫውን አስነሳ። ድንጋዩ ተቆረጠ፤ ነጭ ጭቃ በድንጋዩ ጎን ወረደ፤ አየሩ ግን ጥርት እንዳለ ነበር። ከዳሱ ወዲያ ያሉት የዋግ ተራሮች ሳይቀሩ ይታያሉ። አስማረ አየ። ስንት ዓመት በዚያ ቦታ ቆሞ ጓደኞቹን ሳያይ የሠራ ሰው፣ የልጁን ፊት አጥርቶ አየ። ድንጋዩን አስጠግተው አስነኩት። እርጥብ ነበር። መዳፉን ብዙ ጊዜ አላነሳም።

«አቧራው የታለ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ቀረ አባ» አለችው ሰርካለም። «አይመለስም።»

ታቦቱ በግንቦት ገባ። አስማረ በእታገኝ ክንድ ተደግፎ፣ በልጁ እጅ የወጣውን የመቅደሱን በር ከሩቅ ሆኖ ሳመ። ሕዝቡ እልል ሲል እሱም አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣለትም፤ ደስታው ግን ፊቱ ላይ ነበር። በሳምንቱ፣ ቀትር ላይ፣ ሚስቱ እጁን እንደያዘች አረፈ። ጠራቢዎቹ ሁሉ መሸፈኛቸውን በአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ ቀብሩ ላይ ቆሙ። ቄስ ኪዳኑ ፍትሐቱን ሲጨርሱ ወደ ሕዝቡ ዞሩና፣ ማንም ሰው ሌላ እንዳይናገር፣ አስማረ ንጹሕ ሆኖ ገብቶ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ የገደለው አቧራ ነው አሉ። የጽዋው ማኅበር በዚያው ወር ወደ ትርፌ ቤት ተመለሰ።

ቅሠፍት ምንድን ነው? ምሳውን ቅሠፍት ነው ብለን ቀበርን፤ የሻምበልን ቅሠፍት ነው ብለን ቀበርን። አንዲት ሴት ልጅ መጥታ ያንን ቅሠፍት ያልነውን ነገር በማጣሪያ ይዛ፣ መዝና፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችን። ስንቱ ሞት ነው እንዲህ መለካት ያጣ? አምላክ የጻፈውን ማንም አይፍቀውም፤ እኛ የጻፍነውን በአምላክ ማሳበብ ግን እንዴት ያለ ድፍረት ነበር! አስማረ ሳይድን ሞተ፤ ነገር ግን ስሙ ተመለሰለት፣ ሚስቱ ተመለሰችለት፣ ልጁም ዛሬ ሙሉ ደረት እየተነፈሰ ድንጋይ ይጠርባል። ሰርካለም ወደ ኮምቦልቻ ተመልሳለች። እናቷም ሥራዋን በትክክል ማስረዳት ተምራለች፤ ልጄ አየር ትለካለች ትላለች። እታገኝ ማሰሮዋን ከባሏ መቃብር ራቅ አድርጋ ቀብራዋለች። ጠዋት ጠዋት አቀበቱን ትወጣለች፤ በዳሱ በርሜል ውስጥ የምትገባው የመጀመሪያዋ ጄሪካን እስከ ዛሬ የእሷ ናት።